ባቡሩ የሄደበት ለገሃር

ከሜክሲኮ በተነሳ ታክሲ ውስጥ «ለገሃር ወራጅ አለ» የሚል ሰው ዛሬ ወደ ጅቡቲ ሊሳፈር አይደለም። ስሙ ግን አሁንም ባቡር ጣቢያን ይጠራል። ጆሮ ከለገዳዲና ከለገጣፎ ጋር ሊያዛምደው ቢቃጣውም ምንጩ «ላ ጋር» የሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። መስመሩን የዘረጋው ኩባንያ ፈረንሳዊ ስለነበር የሥራ ቋንቋው ከጣቢያው አልፎ ለሰፈሩ ስም ሆነለት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት መስመር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ለመድረስ 14 ዓመት ፈጀበት። በ1909 ከተማዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ አርፈው ነበር። ዛሬ የምናየው የጣቢያው ሕንጻ ደግሞ ኅዳር 1922 ተመረቀ፤ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ሆኖ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ያያል።

የጣቢያውን አደባባይ ታሪክ ያለ አንበሳው መናገር አይቻልም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሰሞን የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት። ያኖሩትም፣ የሚገርመው፣ እዚያም በባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ዘርዓይ ደረስ በፋሺስቶቹ ላይ ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ሐውልት ፊት፣ በ1930 ነበር። አንበሳው ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመት በስደት ቆይቶ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

ባቡሩ ግን እየደከመ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ፤ አደባባዩን የአንበሳ አውቶቡስና ታክሲ ሞሉት። በ2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሁለቱም መስመሮቹ በለገሃር አለፉ፤ ሐዲዱ አሁን ከመሬት ከፍ ብሎ በአሮጌው ጣቢያ ፊት ይሄዳል። በ2009 የተመረቀው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ግን መሐል ከተማ አይገባም፤ ተሳፋሪው የሚሄደው ለቡ ነው።

ኅዳር 2011 በ36 ሄክታር ላይ የመኖሪያና የንግድ መንደር ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የመንደሩ ስምም ለገሃር ነው። ስሙን ከወሰዱ ዘንድ ሕንጻውን ብቻ ለጌጥ ማስቀረት አይበቃም፤ ጠባቡ ሐዲድ፣ መሳፈሪያውና የቀሩት ፉርጎዎች አብረውት መቆየት አለባቸው። ጣቢያውን ጣቢያ ያደረጉት እነሱ ናቸውና።