የማን ጭፍራ ነህ?



ዛሬ አንዲት ቃል ይዘን እንቆያለን፤ «ጭፍራ» የምትለዋን። መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ ቶሎ ብለን እናልፋታለን። በቦንጋና በመላው ከፋ ለምንኖር ግን እንዲሁ የምትታለፍ ቃል አይደለችም።

«ሻለቃ» ስትል በውስጡ ሺህ አለ። «መቶ አለቃ» ስትል መቶ አለ። «ጭፍራ» ውስጥ ግን ቁጥር የለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ግሪኩ «ስፔይራ» የሚለው 600 ያህል ወታደር የሚይዝ ክፍል ነው፤ አማርኛችን «ጭፍራ» አለው። ማቴዎስ 26 ላይ ጌታ ስለ መላእክት ሲናገር ግሪኩ ያነሣው «ሌጌዎን» ደግሞ ከ5,000 በላይ ወታደር የሚይዝ ነበር፤ እሱም «ጭፍራ» ተባለ። ታዲያ ጭፍራ በምን ይታወቃል? በጌታው ነዋ! የራስ እገሌ ጭፍራ፣ የደጃዝማች እገሌ ጭፍራ ይባል ነበር። አንድ ሰው ብቻውንም ጭፍራ ይባላል፤ ጌታው ሲዘምት ይዘምታል፣ ጌታው ሲሰፍር ይሰፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከአፄ ምኒልክ ታዘው ጭፍሮቻቸውን ይዘው ከፋ ገቡ። የከፋ ሰው በቦይና በአጥር ለወራት ተከላከለ። በመጨረሻ ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ፤ ታስረው ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱም ሞቱ። የዘመናት መንግሥት በዚያው አበቃ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ጭፍራው ግን እዚሁ ሰፈረ። እንግዲህ ይኼን ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ በየወሩ የሚቆረጥ ደመወዝ አልነበረም። ደመወዙ ሰው ነበር። ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ የገባር ቤተሰብ ይመደብለታል። ገባሩ ያርስለታል፣ አጥር ያጥርለታል፣ እንጨት ይሸከምለታል፤ ሚስቱ ትፈጭለታለች። ብዙ ሰው ደግሞ በባርነት ተሸጠ። ከጭፍሮቹም ብዙው ራሱ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ጠመንጃው ግን እሱን በላይ፣ ወንድሙን በታች አደረገ። በአንዳንድ ቤት ያ ታሪክ እስከ ዛሬ ያማል።

አሁን ወደ ዮርዳኖስ እንሂድ። ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ ጭፍሮች መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ መጥተው፣ እኛስ ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ጦራችሁን ጣሉ አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ሰውን በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው። አያችሁ? ዮሐንስ የነካው ሆዳቸውን ነው። የጭፍራ ኃጢአት በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ በሰው ቤት ነው፣ በሰው ጎተራ ነው።

ደግሞ ቂሣርያን ተመልከቱ። ቆርኔሌዎስ የኢጣሊቄ ጭፍራ መቶ አለቃ ነው፤ አገር የያዘው ሠራዊት ሰው ነው። ሊወስድ ሲችል የሚሰጥ ሆነ፤ ለሕዝቡ ብዙ ምጽዋት ያደርግ ነበር። ጴጥሮስም ከተገዛው ሕዝብ ወገን ነው። እግሩ ወደዚያ ቤት እንዲሄድ እግዚአብሔር ሦስት ጊዜ ራእይ አሳየው። ቀላል አልነበረማ! ሄደ ግን፤ መንፈስ ቅዱስም በዚያ ቤት ወረደ። እግዚአብሔር ገዢውንም ተገዢውንም በአንድ ጣራ ሥር አገናኛቸው።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን የገባሩ የልጅ ልጅና የጭፍራው የልጅ ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከአንድ እንጀራ ይቆርሳሉ። አንተ የጭፍራው ዘር ከሆንህ፣ ወንድምህ የአያቱን ታሪክ ሲነግርህ «ያለፈ ነገር ነው» ብለህ አፉን አትዝጋ፤ ቁጭ ብለህ ስማው። አንተ የገባሩ ዘር ከሆንህ፣ አያቱ በሠራው የልጅ ልጁን አትክሰስ፤ በሐሰት መክሰስን ዮሐንስ ከልክሏልና።

አገልጋይ ሆይ፣ አንተም ራስህን መርምር። ምእመናን ቡናህን በነጻ እንዲለቅሙልህ፣ እርሻህን እንዲያርሱልህ የምትጠብቅ ከሆነ ገባር ይዘሃል ማለት ነው። መንጋው የጌታ ነው፤ ደመወዝህ ይብቃህ።

ጭፍራ በጌታው ይታወቃል ብለናል። የእኛ ጌታ ጭፍራ ሁሉ ተሰብስቦ ሲዘብትበት የቆመ፣ ሌላውን ያልበላ፣ ራሱን እንጀራ አድርጎ የሰጠ ነው። ታዲያ ሰዎች አኗኗርህን አይተው «ይህስ የማን ጭፍራ ነው?» ቢሉ መልሱ ምን ይሆን?

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን ያለውን የሰው ላብ አሳየን፤ ለመመለስም ለይቅርታም ልብ ስጠን። አሜን።