ሩዝ ጠላቱን በምን ያውቃል?

እኛ ስንታመም ነጭ የደም ሴሎቻችን ይዋጉልናል። ይህን ለባግሩት ባዮሎጂ ያጠና ሁሉ ያውቀዋል። ተክል ግን ደም የለውም። ታዲያ በሽታ ሲገባበት በምን ያውቃል? ወላጆቻችን ዋግ የመታው እህል ምን እንደሚመስል ሊነግሩን ይችላሉ። ለጥያቄው ትልቅ መልስ የሰጠው ግን ሩዝ ነው።

ሩዝን የሚያጠቃ ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በቅጠሉ ዳር ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በቁስል በኩል ይገባና ቅጠሉን ያደርቀዋል። ከማሊ የመጣ አንድ የዱር ሩዝ ግን አልበገርም አለው። ፊሊፒንስ ባለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ጉርዴቭ ኩሽና ባልደረቦቹ ለዓመታት እያዳቀሉ ይህን ጥንካሬ ወደምንበላው ሩዝ አሻገሩት። ጂኑንም ኤክስኤ21 አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የፓሜላ ሮናልድ ቡድን ጂኑን ለይቶ አወጣው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ይቀመጣል፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። አጥር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ በሉት፦ ዓይኑ ወደ ውጭ፣ አፉ ወደ ውስጥ። የውጭው ክፍል የባክቴሪያውን ምልክት ሲይዝ የውስጡ መልእክት ያስተላልፋል፤ ሴሉም መከላከያውን ያስነሳል። በዝንብ በ1996፣ በአይጥ በ1998 ተመሳሳይ ዘበኞች ታወቁ። የ2011 የኖቤል ሽልማት የደረሰው ለእነዚህኞቹ ነው፤ ሩዙ ግን ቀድሟቸው ነበር።

ዘበኛው የሚያየው ምልክትስ ምንድን ነው? በ2009 የሮናልድ ቡድን አገኘነው ብሎ አንድ የባክቴሪያ ፕሮቲን አሳወቀ። በኋላ ወደ ላቦራቶሪው የመጡ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደገሙት፤ አልሆነም። ሲፈትሹ አንዱ ባክቴሪያ የተሳሳተ ስም ተለጥፎበት ኖሯል፤ አንዱ መለኪያም የማያስተማምን ነበር። ስህተቱን ራሳቸው ተናገሩ፤ በ2013 ሁለት ጽሑፎቻቸውን ከመጽሔቶቹ አነሱ። በስንት ሰው ፊት! እኔ ከ1995ቱ ግኝት ይልቅ ይሄኛው ነው የሚገርመኝ።

ፍለጋውን እንደገና ጀመሩ። በ2015 ትክክለኛውን አገኙት፦ ራክስኤክስ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሰልፌት ካልተለጠፈበት ዘበኛው አይለየውም። ባክቴሪያው ራክስኤክስን ካጣ ወይም ከለወጠው ደግሞ ሳይታይ ያልፋል፤ ዘበኛ ያለው ሩዝም ይታመማል።