ኮዴይን ስለ መከልከሉ፤ ከወላይታ ሶዶ የተነሣ አጭር ጥናት

የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን ሰዎች ወላይታ ሶዶ የደረሱት በ1928 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። መሪያቸው ቶማስ ላምቢ ራሳቸው ሐኪም ስለ ነበሩ ከስብከቱ ጋር ሕክምናም መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ ቢወጡም ሕክምናው ኋላ ተመልሶ ሥር ሰዷል፤ ዛሬ ከተማይቱ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አላት። እኛ ግን የምንመረምረው የሆስፒታሎቹን ታሪክ ሳይሆን ከመደርደሪያቸው ስለ ወጣ አንድ መድኃኒት፣ ስለ ኮዴይን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሞርፊን በአንጎል ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ሰርቱርነር ሞርፊንን ከኦፒየም የለየው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ በምን መንገድ ሕመም እንደሚያስታግስ ሳይታወቅ ግን ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ1969 ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ የአይጥን መካከለኛ አንጎል በኤሌክትሪክ ቢነካ፣ ያለ ማደንዘዣ ሆዷን ለመቅደድ ቻለ። በ1973 ፐርትና ስናይደር ሞርፊን የሚያርፍበትን ተቀባይ በአንጎል ውስጥ አሳዩ። በ1975 ደግሞ ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ በአበርዲን አንጎል ራሱ የሚያዘጋጀውን ሞርፊን መሰል ነገር አገኙ። እንግዲህ መንገዱ እንዲህ ነው፤ ሞርፊን በመካከለኛው አንጎል ያሉትን ገቺ ሕዋሳት ዝም ያሰኛል። እነርሱ ዝም ሲሉ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው መንገድ ይከፈታል፤ በዚያም ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ፈስሰው ከቁስሉ የሚመጣውን የሕመም መልእክት ከደጁ ይመልሱታል። ነገር ግን ያው ተቀባይ ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ክፍልም አለ። ስለዚህ መጠኑ ሲበዛ ሕመምተኛው ትንፋሹ ይደክማል።

ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ኃይል የሚያገኘው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ ከመቶ 29 የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን ደራርበው እንደ ተሸከሙ አስታወቁ፤ በስዊድን ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። እንዲህ ባለ ሰው ጉበት ኮዴይን ፈጥኖና በዝቶ ሞርፊን ይሆናል። የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ኮዴይንን በ2015 የከለከለው ስለዚሁ ነው።

እኛ ክልከላውን ትክክል ነው እንላለን፤ ሙሉ ነው ግን አንልም። ትራማዶልንም ወደ ብርቱ መልኩ የሚለውጠው ያው ኢንዛይም ነው። ከዚህም ሌላ ትራማዶል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ወደ ሕዋሱ ተመልሰው እንዳይገቡ ያግዳል፤ ማለት በዚያው በሚወርደው መንገድ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ኮዴይንን ያስወጣው ፍርሃት እንግዲህ ከቤት አልወጣም። በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንንም ትራማዶልንም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ብዙ ሕዝቦች ላሉባት አገር የ122 ሰዎች ምርመራ ጥቂት ነው። በሶዶ በቀዶ ጥገና ለወለደችና ትራማዶል ለታዘዘላት እናት የራሷ ወገን ተመርምሮ ቢጻፍላት፣ ሐኪሟ መጠኑን የሚቆርጥበት ነገር ያገኛል።