የዋስ ዕዳ፦ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ማማዎች ጀርባ ያለው ፊርማ

ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚያመራ ሰው፣ ባለ ቀለም ሰሌዳ የለበሱትን የሪቨርሳይድ ፕላዛ ማማዎች ከሩቅ ያያቸዋል። ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጡ ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ማረፊያ የሆኑት እነዚህ ሕንፃዎች የአንድ ትልቅ ውጥን ቅሪት ናቸው። የታቀደው ከተማ ነበር፤ የተሠራው ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከሲሚንቶው ይልቅ ፊርማውን መመርመር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ፣ አዳዲስ ከተሞችን ለሚገነቡ የግል አልሚዎች የፌዴራል መንግሥት ዋስ እንዲሆን ፈቀደ። በዚህ መሠረት ኪት ሄለርና ግሎሪያ ሲገል የጀመሩት፣ የሚኒሶታ ሴኔት አባል የነበሩት ሄንሪ ማክናይትም የተቀላቀሉት ኩባንያ በ1971 የ24 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ተፈቀደለት። ሴዳር ሪቨርሳይድም በነባር ከተማ እምብርት የሚገነባ የመጀመሪያው «አዲስ ከተማ» ተባለ። አርክቴክቱ ራልፍ ራፕሰን ማማዎቹን ነደፉ፤ ሰፈሩም በሃያ ዓመት ውስጥ 30,000 ያህል ሰው እንዲይዝ ታሰበ።

ዋስትና ለሹማምንት እጅግ የሚመች ድጋፍ ነው። በተፈረመበት ቀን ከግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ በበጀት ክርክርም ጎልቶ አይታይም። ይሁን እንጂ አበዳሪው አልሚውን ሳይሆን መንግሥትን አምኖ ወለዱን ዝቅ ያደርጋል፤ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው ግብር ከፋዩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመንግሥት ድጋፍ ሕግ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል፦ የገበያ ዋጋው ያልተከፈለበት ዋስትና፣ ገንዘብ ባይወጣበትም፣ ለኩባንያው እንደ ተሰጠ ጥቅም ይመዘናል። አሜሪካ እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ሕግ የላትም። በእርሷ ዘንድ ግዴታው በብዙ ሕጎች ተበታትኖ ከገንዘቡ ጋር ይጓዛል።

ከእነዚህ ሕጎች አንዱ በጥር 1970 የጸናው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ነው። የፌዴራል መንግሥት ብርቱ ተጽዕኖ ያለው እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ጉዳቱንና አማራጮቹን መርምሮ በሰነድ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ዋስትናው ባይኖር ኖሮ፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች የግል ባለሀብትን ሥራ በዚህ ሕግ መሞገት ባልቻሉ ነበር። ፊርማው ግን የግሉን ሥራ የመንግሥትም ሥራ አደረገው፤ ለነዋሪውም የመጠየቂያ በር ከፈተለት።

በግንቦት 1972 የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስትሩ ጆርጅ ሮምኒ ለምረቃ ሲመጡ ተቃውሞ ጠበቃቸው። በ1973 መጨረሻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሾቹ የሕዝቡ ጥግግት፣ በተለይም ልጆችን በማማ ላይ የማሳደግ ነገር፣ በወጉ አልተመረመረም ብለው ተከራከሩ። በ1976 የፌዴራል ፍርድ ቤት የተጽዕኖ ግምገማው በቂ አይደለም ሲል ወሰነ። ውሳኔው በ1977 በይግባኝ ቢሰረዝም፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ዳግም ነፍስ አልዘራም። ከታሰበው ከተማ የተገኘው 1,300 ያህል መኖሪያ ብቻ ሆነ።

ጥፋቱን በሙሉ በከሳሾቹ ላይ መጫን ግን ሒሳቡን ማጉደል ነው። ሕጉ ለአዳዲስ ከተሞች ተጨማሪ ድጎማ እንዲሰጥ ቢፈቅድም፣ የኒክሰን አስተዳደር አብዛኛውን አልለቀቀም፤ በጥር 1973ም አዲስ የቤት ድጎማ እንዳይሰጥ አገደ። አልሚው ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት የማቅረብ ግዴታውን እንደ ተሸከመ፣ ግዴታውን የሚያስችለው ገንዘብ ቀረ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲሰጥ ደግሞ ወለድ ቀጠሮ አያውቅም። በዚያው ፕሮግራም ዋስትና ካገኙት ከተሞች አብዛኞቹ ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸዋል።

በሌላ በኩል፣ ያልተሠራ ቤትም ዋጋ አለው። ዛሬ በሴዳር ጎዳና ኪራይ የከበደው ቤተሰብ፣ በ1970ዎቹ የቆመው ግንባታ ምን ያህል ቤት ሊሰጥ ይችል እንደ ነበር ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቁም ነገሩ ደንብ ይኑር አይኑር ሳይሆን መቼ ይጠየቅ የሚለው ነው። በ1971 ሌላ አማራጭ መመርመር የሚያስወጣው የጥናት ወጪ ነበር። በ1976 ግን መሬቱ ተገዝቷል፣ ዕዳው ተቆልሏል፣ መተማመኑ ፈርሷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኸው ነው።

ማማዎቹ ራሳቸው ቀጣዩን ትምህርት ሰጥተዋል። በ2010 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈሩ፤ ይህም ለታሪካዊ ሕንፃ እድሳት የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ ለማግኘት አበቃቸው። ከ130 ሚሊዮን ዶላር የማያንስ እድሳትም ተደረገላቸው። በዚህ ቅናሽ ሕግ፣ እድሳቱ የሕንፃውን ታሪካዊ ገጽታ ካልጠበቀ ድጋፉ አይገኝም፤ ባለቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ሕንፃውን ቢሸጥ ከቅናሹ ይመልሳል። ግዴታው፣ መለኪያውና ቅጣቱ ከገንዘቡ በፊት ተጽፈው ይታወቃሉ።

ኢትዮጵያም የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010ን ካወጣች ወዲህ፣ መንገዱንም ኃይል ማመንጫውንም ከግል ባለሀብት ጋር ለመሥራት በር ከፍታለች። ለእንዲህ ያለ ውል ምክራቸውን ወይም ጥሪታቸውን ለማዋል የሚያስቡ የዳያስፖራ ባለሙያዎች ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሦስት ጥያቄዎችን ሊዋሱ ይችላሉ፦ መንግሥት የገባው ዋስትና በገንዘብ ሲተመን ስንት ነው? በምላሹ ምን ይጠየቃል? ጎረቤቱስ መሬቱ ሳይቆፈር የሚናገርበት ቦታ የት ነው? በባህላችን ዋስ የሚጠራው በሽማግሌና በምስክር ፊት ነው። ለሕዝብ ገንዘብ ዋስ ሲጠራማ፣ ምስክሩ ሕዝቡ ራሱ ሊሆን ይገባል።