ዘላቂ

«ዘላቂ» «ዘለቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሳይቋረጥ እስከ ዳር የሚደርስ ማለት ነው። እህሉ እስከ መስከረም ይዘልቅ እንደሆነ የሚያሰላ ገበሬም ሆነ ሙሽሮችን «ያዝልቅላችሁ» ብሎ የሚመርቅ ሽማግሌ ፍቺውን አሳምሮ ያውቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 11ኛው የከተሞች ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የሪፖርት ማድመቂያ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እስቲ ሸዋሮቢት ላይ እንለካው። በዚህች የይፋት ቆላ ከተማ ዙሪያ ሽንኩርት በወንዝ መስኖ ይለማል። ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ፣ የወንዙ ውሃም አብሮ ይጫናል። የሽያጩን ብር ቆጥሮ የወንዙን መጉደል የማይቆጥር መለኪያ ምኑን ለካ? ከላይ ያለው ተዳፋት ሲራቆትም ጎርፉና ደለሉ የሚወርደው እዚሁ ቆላ ነው።

አምስተርዳም በ2020 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ ባለሙያዋ በኬት ራዎርዝ የ«ዶናት» ስሌት ራሷን ስትመዝን የነዋሪዎቿን ኑሮ ብቻ አልጠየቀችም፤ ሩቅ ባለ ሰውና መሬት ላይ የምታደርሰውንም ጫና ጠየቀች። በዚህ ሚዛን የሸዋሮቢት ውሃ በአዲስ አበባም መዝገብ መግባት አለበት።

ሰላምም ከልኩ አይወጣም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ሲገባ ሱቅም ቤትም ተዘርፏል። የከተማ ዕቅድ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ «ዘላቂ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ውሃው በግንቦት እስከ መጨረሻው ማሳ ይደርስ እንደሆነ፣ እናት ልጇን በሌሊት ያለ ስጋት ሐኪም ቤት ታደርስ እንደሆነ ጠይቁ።