የንጉሡ ቮልስ እና የእኛ ቮልሶች

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ደጃፍ ላይ የምትጠብቃቸው መኪና የለመዷት ሮልስ ሮይስ አልነበረችም። ቮልስዋገን ነበረች። ጎባጣዋ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ትንሿ ቮልስ።

በቮልስ የሄደ ያውቀዋል። ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር እስኪታጠፍ ቆሞ መጠበቅ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ መሹለክ ግድ ነው። ንጉሥም ይሁን ተማሪ ሌላ መግቢያ የለውም። ለ44 ዓመታት ንጉሠ ነገሥት የነበሩት ሰው በዚያች መኪና ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ።

ይህን ታሪክ ከታላላቆቹ ያልሰማ ወጣት ጥቂት ነው። አንዱ እየሳቀ፣ ሌላው እያዘነ ይነግረናል። የሚስቀውም የሚያዝነውም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቮልሷ የውርደት ምልክት ናት ይላሉ። እኛ የማንስማማው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ነርሷ ወደ ሆስፒታል፣ መምህሩ ወደ ክፍል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ቢሮ የሚሄደው በእንዲህ ያለችው መኪና ነበር። ለንጉሡ ቮልስ መውረጃ ሆነች፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን የመውጫ መሰላል ነበረች። ታሪክ ከቮልሶች ሁሉ አንዷን፣ ከእሷም አንዱን ጉዞ ብቻ መዘገበ። የቀሩትስ? ማን ነዳቸው? ማን አቆያቸው? ዛሬ አሮጌ ቮልስ ገዝተው የሚያድሱ፣ አድሰውም በየቀኑ ሥራ የሚሄዱባት ጓደኞች ስላሉን ጥያቄው የእኛም ሆኗል።

የሁለት አምባገነኖች ንብረት

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሽ መኪናዋን ለመንደፍ ውል የተፈራረመው በሰኔ 1934 እ.ኤ.አ. ነበር። ከጀርባው የነበረው ሂትለር ነው። የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ በግንቦት 1938 እ.ኤ.አ. ራሱ ሲያስቀምጥ፣ አዲስ አበባ በወዳጁ በሙሶሎኒ ጦር እጅ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከ3 መቶ ሺህ በላይ ጀርመናውያን «የሕዝብ መኪና» ይደርሰናል ብለው በየጊዜው ገንዘብ ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው የጦር ተሽከርካሪ ማምረት ጀመረ፤ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች ጉልበታቸው ተመጠጠበት። ከቆጣቢዎቹ በናዚ ዘመን መኪናውን የተረከበ አንድም ሰው የለም።

በ1945 እ.ኤ.አ. ጀርመን ስትሸነፍ ፋብሪካው በቦምብ ተጎድቶ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ እንደገና አስነሣው፤ የእንግሊዝ ጦርም 20 ሺህ መኪና አዘዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በኅዳር 1954 እ.ኤ.አ. የእኛው ንጉሠ ነገሥት ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ፣ ያችን አዲስ ሪፐብሊክ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርዕሰ ብሔር ነበሩ። ሚሊዮንኛዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው ከዚያ ጉብኝት ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1955 እ.ኤ.አ. ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ቮልስ የፎርድን «ሞዴል ቲ» ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ተሠርታ ስታበቃ፣ በዓለም ላይ የተመረቱት ከ21 ሚሊዮን ተኩል አልፈው ነበር።

አሁን ከፋብሪካው ወደ መንገዱ እንምጣ። ከመካከላችን ዛሪማ ያደግን አለን። ለማታውቋት፦ ከጎንደር ወደ ሽሬ ስትሄዱ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ከደባርቅ ወዲያ ምድር ያለቀች ይመስላል። ከዚያ ሊማሊሞ ይጀምራል። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ከብርዱ ወደ ቆላው ይጥላችኋል። ዛሪማ እታች ናት። መንገዱን የቆረጠው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ደባርቅ አጠገብ አፋፉ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጣሊያን ሄደ፤ መንገዱ ቀረ።

ዛሪማ ላይ ልጆች ሳለን መኪና የምንለየው በድምፅና በሽታ ነበር። ከላይ የወረደው የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። ሽቅብ ሊወጣ የተነሣ ኤንትሬ ደግሞ ረዳቱ ጀሪካኑን በውሃ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም፤ ዳገቱ መሐል ራዲያተሩ እንደሚፈላ ያውቀዋላ! ቮልስ ግን ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውሃ ሳይሆን ቬንትሌተሩ የሚነፋው አየር ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያንን ረዳት ጠይቁት።

ተአምር ትሠራለች ማለታችን አይደለም። ባለ 1,200 ሲሲዋ ቮልስ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ደባርቅ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ላይ ሩብ ያህሉ ይቀነሳል። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች፤ ውሃ ግን አትለምንም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርዳት ካለም ራሱን ፈልጓል፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ማድረግ አለበት።

አስቡት እንግዲህ። መንገዱን ሙሶሎኒ ያስቆረጠው እኛን ሊገዛበት ነው። መኪናዋን ሂትለር ያሠራት ለጀርመን ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሲያስቡ እኛ አልነበርንበትም። ዛሬ ግን በመንገዱ የምንሄደው እኛ፣ መኪናዋን የምንነዳትም እኛ።

ጋራዥ የሚባል ትምህርት ቤት

የቮልስ ወዳጆች ከሚወዱት ነገር አንዱ ቋንቋው ነው። ጀርመን የወለዳትን መኪና የአዲስ አበባ መካኒክ የሚጠግናት በጣሊያንኛ ነው! ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ስቱኮ፣ ላሜራ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያኖች ጋራዥ ወጥተው አማርኛ ሆነዋል። ወራሪው ሲሄድ ሙያውና ቃሉ ለረዳቱ ቀረ፤ ረዳቱ ለልጁ አስተማረ። መጽሐፍ አልተጻፈበትም። ጆሮውን ሞተር ላይ ደቅኖ «ቫልቩ ጠብቋል» የሚል ሽማግሌ መካኒክ ይህን ያወቀው ከሌላ ሽማግሌ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ይህ ሙያ ነፍስ አድን ሆነ። ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፣ አዲስ የግል መኪና ማስገባት ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሲሆን፣ ያለችውን መጠገን እንጂ ምን ምርጫ ነበር? ቮልስ ደግሞ ለመጠገን የተፈጠረች ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የተጎዳውን ፈቶ መቀየር ነው። ሞተሯን ከካምቢዮው የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። የተሰበረ ዕቃ ሶማሌ ተራ ካልተገኘ ከሌላ ቮልስ ይወጣል፤ እሱም ከጠፋ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ይፈለሰፋል። ብዙዎቹ ወላጆቻችን መሪ የያዙት፣ መንዳት የተማሩትም በእሷ ነው። እነዚህ መኪኖች እስከ እኛ የደረሱት በፋብሪካው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። እጃቸው በግራሶ የጠቆረ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች ስላሉ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች

ቮልስ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ነገር እንበላችሁ። ቀለሟን አትዩ፣ ወለሏን እዩ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ እየፈሰሰ ላሜራውን ይበላዋል፤ ዝገቱን በስቱኮና በምንጣፍ ሸፍኖ የሚሸጥ አይጠፋም። ዘይቷ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የድሮዋ እንደ ዘመኑ መኪና የሚቀየር ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው። ስለዚህ ዘይት በጊዜው ቀይሩ። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ከሁሉ በላይ ቺንጊያዋን ጠብቁ። ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም የምታዞረው እሷ ናት፤ ከተበጠሰች የባትሪው መብራት ይበራል፣ ሞተሩም አየር ያጣል። «እዚህ ድረስ ልድረስ» አትበሉ፤ ወዲያው አቁሙ። ትርፍ ቺንጊያ ከወንበር ሥር የሌለው የቮልስ ባለቤት፣ ባለቤት አይባልም።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቮልስ የዛሬ መኪና የደኅንነት ዕቃ የላትም፤ ኤርባግ የለም፣ ጭሷም ለከተማ አየር አይበጅም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ራሱ ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ ያሠራቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅ ሳያሰሙ ያልፉናል። በዚህ አንከፋም፤ ነዳጅ የማታመርት አገር ውኃዋን መብራት አድርጋ ብትነዳ ማን ይጠላል? ግን አንድ ዘመን እየተዘጋ ነው። ዘመን ሲዘጋ ደግሞ የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።

የጀርመን መኪና ወደዚህ አገር መምጣት የጀመረው በምኒልክ ዘመን ነው። አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ በመኪና ወደ ምኒልክ ተጉዞ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። እሱ የራሱን ጻፈ። የንጉሡንም ጉዞ ዓለም ጻፈው። የእኛዎቹን ማን ይጻፋቸው?

መልሱ ሊብሬው ላይ አለ ብንላችሁ ታምናላችሁ? አንድ ጓደኛችን ከሦስት ዓመት በፊት ቮልስ ገዛ። በአሮጌው ሊብሬ ላይ የአራት ባለቤቶች ስም ነበር፤ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እሱ መኪናዋን ደማቅ ቀይ ቀብቶ፣ ሰፋፊ ጎማ ገጥሞ «ሞዲፋይ» ሊያደርጋት ነበር። በሰው በሰው ብሎ የዚያችን ሴት ልጅ አገኛት። እናቷ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። በሰዓት እላፊው ዘመን የይለፍ ወረቀታቸውን መስታወቱ ሥር አስቀምጠው፣ በባዶው ከተማ ሌሊት ሌሊት ወደ ምጥ የሚሄዱት በዚያች መኪና ነበር። ወረቀቱን ያስያዙበት ብረት ዳሽቦርዱ ላይ የተወው ጭረት ዛሬም አለ። ልጅቱ ጣቷን ጭረቱ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች።

ጓደኛችን ቮልሷን አደሳት፤ ወለሏን ቀየረ፣ ሞተሯን አሠራ። በቀድሞ ቀለሟ ተቀባች። ጭረቱን ግን ስቱኮ እንዳያስነካ ለቀቢው አስጠነቀቀው።

እኛም የምንላችሁ ይህንኑ ነው። ማደስ ማስዋብ ብቻ አይደለም። ቮልስ ስትገዙ ባት ላሜራው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ፎቶ አንሷት። ከሊብሬው ላይ ስሞቹን ገልብጡ፤ ያሉበትን ፈልጉ፣ ጠይቁ። ሽማግሌው መካኒክ ሲያወራ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት፤ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ። የወንበር ሥሩን ቆሻሻ ሳታዩ አትጣሉ። አንዲት ቮልስ አንድ ንጉሥ ተሸክማ አንድ ዘመን እንደዘጋች ሁላችንም እናውቃለን። ሌላዋ ደግሞ በዚያው ከተማ፣ በሰዓት እላፊ፣ ሕፃናትን ልትቀበል ስትሮጥ ነበር። ይህን ያወቅነው አንድ ልጅ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስለ ጠየቀ ነው።

ቸር እንሰንብት።