የተነገረላቸውና ያልሆነላቸው

በ2010 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ክለብ በካይሮ ከተማ ከዛማሌክ ጋር ተጋጥሞ በመደበኛው ጨዋታ 2 ለ 1 ቢሸነፍም፣ አስቀድሞ በሐዋሳ በዚያው ውጤት አሸንፎ ስለ ነበር ነገሩ ወደ መለያ ምት ደርሶ 4 ለ 3 ሲረታ፣ አምስት ጊዜ የአፍሪካን የክለቦች ዘውድ የደፋውና ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የግብፅ ክለብ፣ ከተመሠረተ ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ በሆነው በአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ዞን ክለብ ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ መሰናበቱ ለሰሚው ሁሉ ዕፁብ ሆኖ ነበር። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ለተቆረቆረችው ለሶዶ ከተማ ግን ይህ ዜና ከዕፁብነት ያለፈ ነገር ነበረው፤ ምክንያቱም ከዚያች ዕለት ጀምሮ በዚህ ክለብ ወጣቶች ላይ ቀድሞ ማንም ያልጫነባቸው የተስፋ ቀንበር ተጭኖባቸዋልና። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምሻው ስለ ድሉ ሳይሆን፣ ከድሉ በኋላ ስለሚመጣው፣ ማለት ገና በለጋ ዘመኑ ታላቅ ይሆናል ተብሎ ስለ ተነገረለትና የተነገረው ሳይሆንለት ስለ ቀረ ተጫዋች ነው።

ክለቡ በ2001 ዓ.ም. በሶዶ ተመሥርቶ፣ በታችኞቹ ውድድሮች ጥቂት ዓመታት ከተጋደለ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ በማንሣቱም ወደ አህጉራዊው መድረክ የሚያደርሰውን መንገድ አገኘ። ደጋፊዎቹ «የጦና ንቦች» ይሉታል፤ ጦናም በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክን ጦር ተቋቁሞ በመጨረሻ ቆስሎ የተማረከው የወላይታ የመጨረሻ ንጉሥ ነው። ኳስ የሚያንከባልል የሃያ ዓመት ልጅ የዚህን ንጉሥ ስም በደረቱ ይዞ ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ ለአንድ ዋንጫ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሕዝብ ክብር እንደሚጫወት ይሰማዋል፤ ይህም ጉልበት የሚሰጠውን ያህል የሚያደክም ነገር መሆኑን ልብ ያለው ሁሉ አይስተውም።

የዛንዚባሩን ዚማሞቶና ከዚያም ዛማሌክን ያለፈው ክለብ ወደ ምድብ ድልድሉ ለመግባት አንድ ተጋጣሚ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እርሱም የዳሬሰላሙ ያንግ አፍሪካንስ ነው። በዳሬሰላም 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ፤ በሚያዝያም በሐዋሳ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አንዲት ግብ ጎድላው ቀረ። የአገሩ ሰው ሁሉ እያየ በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ መጫወቱም ስለ መውደድ አልነበረም፤ ሶዶ ለእንዲህ ያለው አህጉራዊ ግጥሚያ የሚመጥን ስታዲየም ስላልነበራት ነው። ዛማሌክን የጣለ ቡድን ነገ ሊጉን ይጠቀልላል፣ ልጆቹም ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ ተብሎ የተጠበቀው ሁሉ አልተፈጸመም፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሊጉ ዋንጫ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። በአገራችን የተጫዋች ውል የሚጻፈው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ የብዙዎቹ ክለቦች በጀትም ከመስተዳድር ካዝና ስለሚወጣ በየዓመቱ ይዋዥቃል፤ እንዲህ በሆነበት ሥርዓት አንድ ቡድን በአንድ ወር ያሳየውን ነገር ለሦስትና ለአራት ዓመት አሳድጎ ለመጠበቅ የሚችልበት መሠረት ከቶ አልተጣለም።

ድቻን የገታችው ዳሬሰላም ራሷ ግን ከእግር ኳስ ውጭ በሆነ ሜዳ ከእኛ የከበደ የተስፋ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያች ከተማ የተወለደው ሐሺም ታቢት ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ደርሶ፣ ቅርጫት ኳስን የጀመረው ከዐሥራ አራተኛ ዓመቱ በኋላ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት በተጫወተበት ጊዜ በቅርጫቱ ሥር ቆሞ የተወረወረውን ኳስ ሁሉ እየመለሰ በመላው አሜሪካ ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች መካከል ግንባር ቀደሙ ተከላካይ ተባለ፤ በ2009ም ዩኒቨርሲቲው ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሲሆን ምሰሶው እርሱ ነበረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ሜምፊስ ግሪዝሊስ በሁለተኛነት መረጠው፤ ከእርሱ በኋላ በሦስተኛነት የተመረጠው ጄምስ ሃርደን፣ በሰባተኛነትም የተመረጠው ስቴፈን ከሪ ነው። ታንዛኒያዊ ወደዚያ ሊግ ሲገባ እርሱ የመጀመሪያው ስለ ነበር፣ በአገሩ የነበረውን ደስታ ሶዶ በ2010 ዓ.ም. ያየችውን ያየ ሰው ሊገምተው ይችላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ዳኮታ ዊዛርድስ ላከው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያን ያህል ከፍተኛ ደረጃ ተመርጦ ወደ ታች የተላከ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሂውስተን፣ ወደ ፖርትላንድ፣ ወደ ኦክላሆማ ተዛወረ፤ በአምስት የውድድር ዘመናትም በአማካይ በአንድ ጨዋታ ከሁለት ነጥብ እምብዛም ያልበለጠ አስቆጥሮ በ2014 ከሊጉ ወጣ። ብዙዎች ስንፍና ነው ብለው ፈረዱበት። እኔ ግን ነገሩን በጥሞና የመረመረ ሰው ፍርዱን ወደ ሕጉ መጽሐፍ ማዞር እንደሚገባው አምናለሁ፤ በዩኒቨርሲቲው ጨዋታ ረጅም ተከላካይ የፈለገውን ያህል ጊዜ በቅርጫቱ ሥር ቆሞ ደጁን ሊጠብቅ ሲፈቀድለት፣ በኤንቢኤ ግን ከ2001 ወዲህ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ሳይኖር በዚያ ስፍራ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆይ ተደንግጓል። የሦስት ነጥቡ መስመርም በዚያን ጊዜ በኤንቢኤ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ወደ አንድ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበር ሜዳው ሰፋ፤ ረጅሙም ሰው ከቅርጫቱ ርቆ ፈጣኖቹን እንዲያሳድድ ተገደደ። ዘግይቶ ጨዋታውን የተማረ፣ ሙሉ ክብሩ በአንድ ስፍራ በመቆም ላይ የተመሠረተ ወጣት፣ ያ ስፍራ በሕግ ሲነጠቅበት ሌላ ጥበብ የሚማርበት ጊዜ አልተሰጠውም፤ ለሁለተኛ ተመራጭ የሚከፈለው ደመወዝ ከፍ ያለ ስለሆነ ትዕግሥቱ አጭር ነውና።

ይህ የምርጫ ሥርዓት ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ተስፋንና ፍጻሜን አራርቆ መኖሩን የራሱ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ የቅርጫት ኳስን ከፈጠረ በኋላ፣ ጨዋታው ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል ይበልጡን የኮሌጆች ጌጥ ሆኖ ኖረ፤ የባለሙያዎቹ ሊግ በ1946 ተመሥርቶ በ1947 የመጀመሪያውን ምርጫ ሲያካሂድ፣ ከሁሉ በፊት ስሙ የተጠራው ክሊፍተን ማክኒሊ የሚባል የቴክሳስ ወጣት ነበር። ይህ ሰው በሊጉ አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተም፤ በቴክሳስ ፓምፓ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማሠልጠን መርጦ፣ ቡድኑን ደጋግሞ የክፍለ ሀገሩ አሸናፊ አደረገው። በተከታዩ ዓመት በአንደኛነት የተጠራው አንዲ ቶንኮቪች ደግሞ በሊጉ የተጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተነገሩት ሁለቱ ታላላቅ ተስፋዎች እንዲህ ሆነው ሳሉ፣ ሥርዓቱ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየገነነ ሄዶ ዛሬ በየዓመቱ ወደ 60 የሚጠጉ ወጣቶች በሕዝብ ፊት በቁጥር ተራ የሚጠሩበት ታላቅ በዓል ሆኗል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የላሩ ማርቲን ነገር ነው። በቺካጎ የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው፣ በጊዜው እጅግ የገነነውን የዩሲኤልኤውን ቢል ዋልተንን ገጥሞ ባሳየው ብቃት ስሙ ስለ ተነሣ፣ በ1972 ፖርትላንድ በአንደኛነት መረጠው፤ ቦብ ማካዱም ጁሊየስ ኧርቪንግም ከእርሱ በኋላ ተጠሩ። አራት ዓመት ተጫውቶ በአማካይ አምስት ነጥብ ያህል እያስቆጠረ በ1976 ተሰናበተ። በመካከሉ በ1974 ያው ክለብ ያንኑ ዋልተንን በአንደኛነት መርጦ ነበር፤ ማርቲን በወጣ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1977፣ ፖርትላንድ በዋልተን መሪነት የሊጉን ሻምፒዮንነት አገኘች። አንድን ሰው በአንድ ምሽት ግጥሚያ መዝኖ ለዕድሜ ልክ ዋጋ መቁረጥ ምን ያህል ጭካኔ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ማርቲን ግን በዕቃ አመላላሽ ኩባንያ ተቀጥሮ ከታች ጀምሮ ወደ ኃላፊነት ደረጃ አደገ፤ ይህን የኑሮውን ሁለተኛ ክፍል የስፖርት ጸሐፊዎች በአንዲት ሐረግ ሲያልፉት ማየት ያሳዝናል።

ኤድ ኦባነን ደግሞ በ1995 ዩሲኤልኤን ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ካበቃ በኋላ በዘጠነኛነት ተመርጦ ሁለት ዓመት ብቻ በኤንቢኤ ቆየ። በኋላ በላስ ቬጋስ መኪና ሻጭ ሆኖ ሲሠራ፣ በቪዲዮ ጨዋታ ላይ የራሱ መልክ ያለ ፈቃዱና ያለ ዋጋ ተቀርጾ ስላየ በ2009 የዩኒቨርሲቲዎቹን የስፖርት ማኅበር በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2014ም ተፈረደለት። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደላቸው ይህ ክርክር በከፈተው መንገድ ነው። በሜዳ ላይ ያልሆነለት ሰው በችሎት ለሺህ ወጣቶች ሆነላቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ባለሙያ ሊግ የሚያሻግር እንዲህ ያለ በር ጨርሶ አልተሠራም። ቅርጫት ኳስ ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶችና ከወወክማ አዳራሾች ጋር ገብቶ የተማሪ ጨዋታ ሆኖ ቀረ፤ ታላላቆቹ የስፖርት ክለቦችም የጦሩ፣ የባንኩ፣ የመብራት ኃይሉ ስለ ነበሩ፣ ጎበዝ ተጫዋች ተስፋ የሚያደርገው በሠራተኛነት መዝገብ መጻፍን ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ዛሬ በቅርጫት ኳስ የሚደነቅ ልጅ ቢነሣ፣ ትምህርቱን ጨርሶ በጨዋታው ሊኖርበት የሚችል ሊግ በአገሩ አያገኝም። ከኢትዮጵያ ምድር ዘር ያለው ሰው ከፍ ያለውን መንገድ የሞከረው በስደት ነው፤ ወላጆቹ ከጋምቤላ የተሰደዱ አኝዋክ የሆኑት ኑኒ ኦሞት በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በኤንቢኤ ምርጫ ስሙ ሳይጠራ ቀረ፤ ዳሩ ግን በ2023 በካይሮው አል አህሊ ማልያ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ሻምፒዮንና ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ በ2024ም በፓሪስ ኦሊምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ። እርሱ ያልተጠራ ነበር፤ ሐሺም የተጠራ።

የቀድሞው የአገራችን ትምህርት ለዚህ ነገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ አንድ ደቀ መዝሙር ገና በልጅነቱ ቅኔው ሲሰምርለት፣ ጓደኞቹ ነገ መምህር ይሆናል ብለው ይጠብቁታል፤ ወንበር ሳይዘረጋ የቀረው ግን ወደ ደብሩ ተመልሶ በማኅሌቱ ያገለግላል፣ የመንደሩን ልጆች ፊደል ያስቆጥራል፤ መክሊቱን ቀበረ ተብሎ አይወቀስም። ማክኒሊ በፓምፓ ያደረገው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። እኛ ግን በኳሱ ዘመን ይህን የመመለሻ ቤት አላዘጋጀንም፤ በሃያ ዓመቱ ያጨበጨብንለትን ልጅ በሠላሳ ዓመቱ የት እንዳለ አንጠይቅም።

በወላይታ ይህ ጥያቄ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ በመሆኑ፣ ከቦዲቲና ከአረካ አካባቢ ልጅነቱን ሳይጨርስ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በጫማ ጠረጋና በቀን ሥራ የሚኖር ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የልጅ እግር ከጨዋታ በላይ የርስት ያህል ተስፋ ነው። ስለዚህ ክለቡም ዞኑም ወጣቱን ለማልያ ሲያጩት፣ የትምህርቱን ወረቀትና የእጁን ሙያ ከማልያው ጋር አያይዘው ቢያጩት፣ ጉልበቱ በተጎዳ ወይም ውሉ ባልታደሰ ቀን ባዶ እጁን አይቀርም ነበር። ዩኒቨርሲቲውም በዚያው በሶዶ ያለ እንደ መሆኑ ይህን ማድረግ አይሳነውም፤ ደግሞም በ2010 ዓ.ም. በካይሮ የተጫወቱትን፣ በመለያ ምቱም ወደ ነጥቡ የተራመዱትን፣ በወንበርም ተቀምጠው የጠበቁትን ሁሉ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ አነጋግሮ፣ ከዚያ ወዲህ የኖሩበትን ኑሮ ከጨዋታው ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር ይችላል። ሥራው ለጥቂት ተማሪዎች የአንድ ክረምት ሥራ ነው፤ ተጫዋቾቹም ገና ጎልማሶች ናቸው፤ ከእነርሱም በሜዳ ላይ ያሉ አይጠፉም።